በሐምሌ የቀበርነው ቆርቆሮ

ተራራውን ለጸሎት ቡድኑ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ የሚያቅለሸልሸኝ ነገር የሚጀምረው ከራሴ ነውና።

ዳላስ አጠገብ፣ ፋርመርስ ብራንች የምሠራበት የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ፣ ካርቶን ከምናሽግበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። ወሩ ቢያልፍም ማንም አይገልጠውም። ሥዕሉ ኮሎራዶ ያለ የተራራ በር ነው፤ መንገዱ በሁለት በረዷማ ጫፎች መካከል ሾልኮ ሰማይ ውስጥ የሚገባ ይመስላል። ከሰው ጋር ብዙም አልገጥም። በእረፍት ሰዓቴ ሳንድዊቼን ይዤ እሱን መንገድ በሐሳቤ ስወጣ እውል ነበር። ቴክሳስ እንደሆነ ያው ነው፤ ከጋርላንድ እስከ ማኪኒ ብትነዳ ከፍ ብሎ የሚታይህ የሀይዌይ ድልድይ ብቻ ነው።

የምኖረው ጋርላንድ፣ ከአክስቴ ከእትዬ ዓለምጌጥ ጋር ነው። የአባቴ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም፣ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ የተቀበለችኝም እሷ ናት። የምትሄድበት ቤተክርስቲያን ውስጥ ወንድም ሳሙኤል የሚባል ሰው አለ፤ ትንቢት ይናገራል ይሉታል። በ2008 ሰመር ላይ «የተራራ ጸሎት እንውጣ» አለ። አገር ቤት የጸሎት ሰዎች ጾመው ተራራ ይወጣሉ። ዳላስ ውስጥ ግን ተራራ ከየት ይምጣ?

«አንዷለም ያውቃል» ብላ እትዬ ወደ ፊት ገፋችኝ።

ስለ ሥዕሉ ነገርኩት።

«መኪና ይወጣል?» አለኝ ሳሙኤል።

«እስከ ጫፉ። ፓርኪንግም አለው።»

«በቃ፣ ጌታ ያዘጋጀው ነው!»

አሥራ አምስት ሆነን በአንድ ቫን አሥራ ሦስት ሰዓት ተጓዝን። ጾሙ መንገድ ላይ፣ አማሪሎ ከተማ በተጠበሰ ዶሮ ፈረሰ። በሩ ላይ ስንደርስ የቀን መቁጠሪያው ያላሳየኝን ሁሉ አየሁ። የፕላስቲክ ሽንት ቤቶች ተደርድረው በሐምሌ ፀሐይ ይግላሉ፤ ዝንቡ ከዚያ ተነሥቶ ትንንሾቹ ቢጫ አበቦች ላይ ያርፋል። ፈረንጆቹ ለአይጥ መሳይ እንስሳት ቺፕስ ያጎርሳሉ፤ እንስሳቱ ከመወፈራቸው ሆዳቸውን ይጎትታሉ። የእኛዎቹ ደግሞ የተረፈውን ዶሮ እዚያው ግጠው አጥንቱን ቁልቁል ወረወሩት፣ እጃቸውን የጠረጉበትን ወረቀት ለነፋስ ሰጡት፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጮኹ ጀመር። ከሩቅ ጫፎቹ ላይ ያልቀለጠ በረዶ ነበር። እሱን ለማየት ብሞክርም ጆሮዬ ሥር ሰው እያለቀሰ እንዴት ይታያል?

ሳሙኤል ባዶ የብስኩት ቆርቆሮና ቁርጥራጭ ወረቀት ይዞ ዞረ። «የጸሎት ርዕሳችሁን ጻፉ። ስም አትጻፉ፤ ጌታ ስማችሁን ያውቃል። የሰው ዓይን አያየውም፤ ከድንጋይ ሥር ይቀበራል።» ወረቀቱን ከእያንዳንዱ ሰው እጅ ራሱ ይቀበላል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁሉም ሄደው አንድ ሰዓት ብቻዬን እዚያ መቆም። እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል?

«ፍጠን እንጂ ወንድሜ፣ ጌታ እኮ ሥራ አለው» አለኝና ሰዎቹ ሳቁ። የዶሮው ስብ ከንፈሩ ላይ ያብለጨልጫል። እንዲሄድልኝ ብዬ እጄ ላይ የመጣውን ጻፍኩ፦ «የእህቴን የአይናዲስን ኩላሊት ጌታ ይፈውስ።»

እኔ እህት የለኝም።

ሳሙኤል «ልቀባው» ብሎ ቆርቆሮውን ይዞ ቫኑ ውስጥ ገባ፤ መስኮቱን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲወጣ ቆርቆሮው በዘይት ርሶ ነበር። ሁላችንም እያየን፣ የቦታውን ከፍታ ከሚናገረው ሰሌዳ ኋላ ድንጋይ ከመረበት።

ጥቅምት ላይ በእሑድ ጉባኤ እትዬን ወደ ፊት ጠራት። ስኳር በሽታ ካለባት ስምንት ዓመቷ ነው፤ ኤርፖርት ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የምትውል ሴት ናት፣ ለማንም አታወራውም። እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጭኖ «ስኳር የሚባል ከደምሽ ተነቅሏል፣ ይላል ጌታ!» አለ። ቤቱ ተናወጠ። ያን ቀን ክኒኖቿን ቆሻሻ ውስጥ ጣለች። እኔ ከድንች ልጣጭ መሀል ጠርሙሱን አውጥቼ አጠብኩና መኪናዬ ውስጥ ደበቅሁት።

በሚቀጥለው እሑድ ተራው የእኔ ሆነ። «አንተ ወጣት፣ አንዲት እህት አየሁ፤ ኩላሊቷ ተነክቷል። ዛሬ አዲስ ኩላሊት ተሰጥቷታል!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔስ? «አሜን» አልኩ። ሁለት ጊዜ። አፌ ውስጥ እስከ ዛሬ የበሰበሰ ነገር የቀመስኩ ያህል ነው።

በመኪና ስንመለስ እትዬ ታለቅሳለች። «ወይ ተሻገር! ወይ ወንድሜ! ልጅ ደብቆ ኖሯል! ገና እኮ ድሮ ጠርጥሬው ነበር፣ ያ ናዝሬት የሚመላለስበት ጊዜ . . .»

«እትዬ፣ አባቴ ምንም አልደበቀም። አይናዲስ የምትባለውን እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ወረቀቱ ላይ ዋሽቼ ነው የጻፍኩት፤ ሳሙኤል አንብቦታል።»

«አንተ ፈጠርኳት ትላለህ፣ መንፈስ ነው ያጻፈህ። ስሟን እንኳ ከየት አመጣኸው?»

«እትዬ፣ በጌታ . . .»

«ዝም በል! ቆርቆሮው ድንጋይ ሥር ነው። ማን አየው? ሶ፣ ነቢዩ ወረቀት ሊያነብ ኮሎራዶ በርሮ ሄደ? በሬ ወለደ አትበለኝ!»

ከዚያ የእግሯ ነገር ጀመረ። የሥራ ጫማዋ ተረከዟን ላጠው፤ ቁስሉ አልድን አለ። የሳሙኤልን ዘይት ቀባባችውና ካልሲ ደረበችበት። በኅዳር ቤቱ ይሸት ጀመር፤ ፍሪጅ ተበላሽቶ ውስጡ የተረሳ ሥጋ ዓይነት ሽታ። እሷ አይሸታትም። እኔ አየር ማደሻ ገዝቼ እረጫለሁ፤ ከሥጋው ሽታ ላይ የላቬንደር ሽታ ሲጨመር የባሰ ሆነ። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላት «እምነቴን አታፍርስብኝ» ትለኛለች። ሸተትሽ ማለት ግን አልቻልኩም። ያሳደገችን ሴት ማን እንዲህ ይላታል?

ታኅሣሥ ሲያልቅ አንድ ጠዋት ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ አገኘኋት። ካልሲው እርጥብ ነበር።

«እትዬ፣ ተራራው ድረስ ልውሰድሽ። ወረቀትሽን አይተሽ ያልተነካ ከሆነ ሁለተኛ አልናገርም። የተነካ ከሆነ ክኒንሽን ትውጪያለሽ።»

«ምስክርነቴን እዚያው እሰጣለሁ» አለች። «ታፍራለህ።»

ጥር ላይ ሁለታችን ብቻ ሄድን። ማሞቂያው በርቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ አሥራ ሦስት ሰዓት። በአፌ ነበር የምተነፍሰው።

ለብዙ ወራት የተመኘሁት ሥዕል በመጨረሻ ፊቴ መጣ፤ በሩ በበረዶ። መንገዱ ዳርና ዳር እንደ ግንብ የተገፋው በረዶ በጭስና በጨው ጠቁሯል፤ የቆሸሸ የወለል መወልወያ ይመስላል። ፓርኪንጉ ጥግ ውሾች በሽንታቸው ቢጫ ጉድጓድ እየሠሩ ሄደዋል። ሽንት ቤቶቹ በራቸው በበረዶ ተይዞ ግማሽ ተከፍተው ቀርተዋል። ሰው ግን አልነበረም። ሐምሌ ላይ የተመኘሁት ዝምታ ይኸው ተገኘ፤ እኔ ደግሞ አካፋ ይዤ የድንጋይ ክምር እፈልጋለሁ።

ሰሌዳው አጠገብ ነፋሱ በረዶውን ጠርጎት ስለነበር ክምሩ ቶሎ ተገኘ። ድንጋዮቹ ተጣብቀዋል፤ በአካፋው እየመታሁ ለያየኋቸው። መጀመሪያ የወጣው የዶሮ አጥንት ነበር፤ ከነስቡ ደርቋል። ከሥሩ ቆርቆሮው።

እትዬ ከመኪናው ሳትወርድ በሩን ከፍታ ጭኗ ላይ ተቀበለችኝ። «ተመልከት፣ እንደታሸገ!» አለች ፈገግ ብላ። ክዳኑን ራሷ ከፈተች። ወረቀቶቹ በዘይት እርስ በርስ ተጣብቀው የቆየ ቅቤ ቅቤ ይሸታሉ። የራሷን አገኘች፤ አነበበችው፣ ሳመችው። «ይኸው! አልተነካም!»

«ገልብጪው እስቲ።»

ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ዓለምጌጥ፣ ስኳር» ተብሎ ተጽፏል። ሌላውን አነሣች፦ «ክፍሉ፣ የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ»። ሌላ፦ «ሩሐማ፣ ባል»። ስም አትጻፉ ያለን ሰው፣ ማን ምን እንደጻፈ እንዳይጠፋበት ሁሉንም ጽፎ ኖሯል። ጽሕፈቱን ለማወቅ አልተቸገረችም፤ የቤተክርስቲያኑ ኪችን በር ላይ በየሳምንቱ የምግብ ተራ እየጻፈ የሚለጥፈው እሱ ነው።

የመጨረሻው የእኔ ነበር። «የዓለምጌጥ ልጅ፣ እህት» ይላል። ስሜን እንኳ አልያዘውም።

እትዬ ጣቶቿን አየቻቸው። ዘይቱ ወዝቶባታል። ጎንበስ ብላ ከመሬት በረዶ ዘገነችና እጇን አሸች፣ ደግማ ዘግና አሸች፤ ቆዳዋ እስኪቀላ።

«አይናዲስ ግን ደኅና ናት?» አለች።

«ደኅና ናት እትዬ። አዲስ ኩላሊት ተሰጥቷታል።»

ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ከመኪናው ውጭ አስመለሳት። ውሃ ሰጠኋት። የክኒኑን ጠርሙስ ከዳሽቦርዱ ሳወጣ መዳፏን ዘረጋች፤ ክኒኑን ዋጠች። ቆርቆሮውን መልሼ ልቀብረው ስል «ተወው፣ እሑድ ቤተክርስቲያን ይዤው እገባለሁ» አለች። «ተራራው ምን በደለ!»

በሩን ዘግቼ ሞተር አስነሣሁ። ማሞቂያው መንፋት ሲጀምር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ከዚያ ወደ እግሯ። አፍንጫዋን ሰበሰበች።

«አንዷለም።»

«አቤት።»

«ይኼ የሚሸተው እኔ ነኝ?»

«አዎ እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኅዳር።»

«እና አብረኸኝ ትበላ ነበር?»

መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው፤ ብርዱ ፊታችንን ላጠው።

«ጋርላንድ ድረስ አልችልም» አለች። «እታች ከተማው ውስጥ ሆስፒታል ይኖራል። ንዳ።»

ወደ ኋላ ሳላይ ነዳሁ።