ታንከር ውስጥ የገባችው ድመት

እናቴ ትሙት፣ የምነግራችሁ ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች «እሱ ደግሞ ጀመረው» ብለው ይስቁ ይሆናል፤ ይሳቁ። ዕቃ ጫኝ ሆኜ የምሠራበት የማንጎ ጭማቂ ፋብሪካ ያሳየኝን ጉድ ቁጭ ብዬ ልፍጠር ብል እንኳ አልችልም። ለውሸትም ቢሆን እንዲህ የሚያቅለሸልሽ ነገር አይመጣልኝም።

ነገሩ የጀመረው አለቆቻችን ለቀውስ ይዘጋጁ ተብሎ አሠልጣኝ የመጣ ጊዜ ነው። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ነበር። ትምህርቱ ባጭሩ ይኼ ነው፦ ድንጋጤ ሲመጣ ጭንቅላት ይጠፋል፣ አፍ ግን የለመደውን ይናገራል፤ ስለዚህ አፍን ማልመድ ነው። የበሰበሰ ማንጎ ስለመጣል ወይም ስለተበላሸው ማቀዝቀዣ አንድ ቃል አልወጣውም። ማቀዝቀዣው ከቆመ ከርሟል፤ በጓሮ በኩል ስታልፉ ክርፋቱ አፍንጫችሁን ይዞ ይመልሳችኋል። አለቆቹ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ጥርቅም አድርገው ነበር የሚሠለጥኑት።

ለልምምዱ ጋዜጠኛ የሚሆን ሰው ተፈለገ። እኔ ወሬ ስጀምር ጫኞቹ ሸክማቸውን አውርደው እንደሚሰሙኝ የሚያውቅ አንድ አለቃ ጠቆመኝና ተጠራሁ። አሠልጣኙ የራሱን ኮት አልብሶኝ፣ የፈለግከውን ጥፋት ፈጥረህ ሥራ አስኪያጁን አፋጥጠው አለኝ። ለኔ እንዲህ ተብሎ ይነገራል? እዚያው አንዲት ድመት ፈጠርኩ። ቡራቡሬ ናት፣ አንድ ጆሮዋ ተቆርጧል፣ ታንከር ውስጥ ወድቃ ከነጭራዋ ተፈጭታ በየጠርሙሱ ትታሸጋለች። በየልምምዱ አንድ ነገር እጨምርባት ጀመር፤ በመጨረሻ ርጉዝ አደረግኳት።

ቀጥሎ ጥፋተኛ ተፈለገ። ሕዝብ ይቅርታ ብቻ አይበቃውም፣ የሚጠላው ፊትም ይፈልጋል አለ አሠልጣኙ። ሠራተኞቹን እንደ ማንጎ እያገላበጠ ሲያይ ቆይቶ ታንከር አጣቢው ላይ ጣቱን ቀሰረ። ታንከር አጣቢው የታላቅ እህቴ ባል ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ሰላም ሲሉት እንኳ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። አሠልጣኙ አገጩን ይዞ ቀና ዝቅ እያደረገ ካየው በኋላ «ይህ ፊት ለጥፋት የተፈጠረ ነው» አለና ጣቱን በመሐረብ ጠረገ።

ከዚያ ወዲያ ልምምዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። እኔ ስለ ድመቷ እጠይቃለሁ፣ ሥራ አስኪያጁ ያዝናል፣ አጥፊው ተባሯል ይላል፣ ጋሼ ተነሥቶ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። አለቆቹ ያጨበጭባሉ።

ቤታቸው ሄጄ ለእህቴ ሳጫውታት አልሳቀችም። ጋሼ ጨዋታ እኮ ነው አላት።

«ጨዋታ ከሆነ ለምን አለቃህ ራሱ አይባረርም?» አለችና ሳህኑን ከፊቱ አነሣችው።

የመጨረሻው ልምምድ በተደረገ ማግስት የፕላስቲክ ጠርሙሶቻችን በየሱቁ መደርደሪያ ላይ አበጡ። አንዳንዱ ፈንድቶ ግድግዳ ቀባ። የጠጡት ሰዎች ከመጸዳጃ ቤት መውጣት አቃታቸው። እኩለ ቀን ሳይሆን ጋዜጠኞች ግቢውን ሞሉት። አሠልጣኙ ኮቱን እንደገና አለበሰኝና መሀላቸው ወሸቀኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ከተንገዳገደ ቀለል ያለች ጥያቄ እንድወረውርለት። ጋሼን የአዳራሹ መድረክ ጥግ አስቀመጡት። ቃሉን ብቻ ተናገር፣ ነገሩ ሲበርድ በሌላ በር እንመልስሃለን ብለውታል። ሰው የመረዘ ተብሎ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ የትኛው በር እንደሚከፈትለት አልነገሩትም።

ጠርሙሶቹ ለምን አበጡ ተብሎ ተጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ በላብ ተጠመቀ፤ ጭንቅላቱ ሲጠፋ አየሁት። አፉ ግን የለመደውን ተናገረ።

«በድመቷ ላይ በደረሰው አደጋ ከልብ አዝነናል።»

የምን ድመት ተባለ። አሠልጣኙ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው፤ ሰውዬው ቀጥል የተባለ መሰለው። ቡራቡሬነቷን፣ ጆሮዋን፣ እርግዝናዋን ሳይቀር ዘረገፈው። አንዷ ጋዜጠኛ ለእንግዳ የቀረበላትን ጭማቂ ቀስ አድርጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እኔ እንኳ ስዋሽ ዓይኔ ይስቃል፤ ይህ ሰው እንባ አቅርሮ ነበር። የሠለጠነ እንባ።

«አጥፊው ሠራተኛ ተባሯል» አለና ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ተነሣ፣ አንገቱን ደፋ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሳይ ያቺ ቀለል ያለች ጥያቄ ከራሴ በረረች፤ እጄን አወጣሁ።

«ለመሆኑ ያቺን ድመት በዓይኑ ያየ አለ?»

ሥራ አስኪያጁ የለበስኩትን ኮት አየ፣ እኔን አየ፣ ደሙ ፈላ። «አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል? ትናንት ይህንኑ ጠይቀኸኝ መልሼልህ የለም እንዴ? ያኔም ተባሯል ብዬሃለሁ።»

«ትናንት?» አለች ጭማቂዋን ወለል ላይ ያስቀመጠችው። «ጠርሙሶቹ ያበጡት ዛሬ ጠዋት አይደል? ሰውየው ሳያጠፋ ነው የተባረረው?»

ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፈተ። ለዚህኛው ልምምድ አልነበረውም።

ጋሼ ቀና አለ። ጥፋቱ የኔ ነው አላለም። ጋዜጠኞቹ ለማሳያ ካመጧቸው ያበጡ ጠርሙሶች አንዱን አንሥቶ ከፈተው፤ ፍሽሽ ብሎ እንደ ጥንብ የሚከረፋ አረፋ ወጣው። ብርጭቆ ሞላና ሥራ አስኪያጁ ፊት አስቀመጠው።

«ይጠጡልና፣ ጌታዬ» አለ ቀስ ብሎ።

ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ሥራ አስኪያጁ አረፋው እስኪተኛ ድረስ ብርጭቆውን ሲያይ ቆየ እንጂ አልነካውም።

አሠልጣኙ በጓሮ በር ሾልኮ ወጣ። ኮቱን እንኳ አልጠየቀኝም፤ ይኸው እለብሰዋለሁ፣ ሽቶው አልለቅ ብሎኛል። ጋሼ ዛሬም ታንከር ያጥባል፤ ሳያጠፋ የተባረረው ሰውዬ ብሎ አገር ካወቀው በኋላ ማን ደፍሮ ያባርረዋል። ሥራ አስኪያጁ ለቆ ሄዷል። አሁን ለሌሎች አለቆች ስለ ቀውስ ሥልጠና ይሰጣል አሉ፣ ልምድ አለው ተብሎ። ማቀዝቀዣውን ከጠየቃችሁኝ፣ እንደቆመ ነው።

ሁሉም እውነት ነው፣ ብርጭቆዋ ስትቀር። ጋሼ ጠርሙስ አልከፈተም፣ ይጠጡልና ብሎም አልተናገረም። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና እጆቹን ጭኑ ሥር ደበቀ። ግን ያ ሰውዬ ያንን ጭማቂ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀርብለት ከአዳራሹ ወጣ ብዬ መናገር አልሆነልኝም።