ብርድ ልብስ የሌለው አልጋ

አክስት ዶርካስ ከተቀበረች በኋላ ባለው ሳምንት ብቻ ስልሳ ሁለት ጊዜ ሞታለች። ኬዚያ ቁጥሩን የምታውቀው ኮምፒውተሩ ስለሚመዘግበው ነው።

ኬዚያ አውስትራሊያ፣ ኬርንስ ከተማ ውስጥ ለአንድ የነርሶች ማሠልጠኛ በመነጽር የሚታይ የምናባዊ ዓለም (ቪአር) ልምምድ ትሠራለች። ተማሪው መነጽሩን ሲያጠልቅ ራሱን ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ያገኘዋል። በአራት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሿን ቆጥሮ ደሟ መመረዙን ካልጠረጠረ፣ ትሞትበታለች። በሽተኛዋ ዶርካስ ነበረች፦ መልኳም፣ ድምፅዋም፣ ትንፋሿም። ባለፈው ዓመት በካሜራዎች መሃል ተቀምጣ፣ ፈቅዳ የሰጠችው ነው።

"ወገቤን ትንሽ ቀነስ አድርጊው፣ አንቺ ልጅ" ብላ ስቃ ነበር። "ተማሪዎቹ ይማሩብኝ እንጂ አይሳቁብኝ።"

ከዚያ ኩላሊቷ ገደላት። ኬዚያ ከቀብር ተመልሳ ሥራ ስትገባ፣ መምህራን እንዲሰሙ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ያው ድምፅ ተቀበላት።

"ልጄ፣ በረደኝ እኮ።"

ሳምንቱን ቻለችው። ከዚያ አጠፋቻትና በምትኳ ማንንም የማይመስል ሽማግሌ አስተኛች። በማግስቱ ሰባተኛውን መነጽር ያደረገ ተማሪ ላቡን እየጠረገ "አሮጊቷ ሞተችብኝ" አለ። እያንዳንዱ መነጽር የበሽተኛዋን ቅጂ ይይዛል፤ ሲገናኙም ይቀባበላሉ። እንዲህ አድርጋ የሠራቻቸው ራሷ ኬዚያ ናት። ከሰባተኛው ስታጠፋት በሦስተኛው ተነሣች። ከሦስተኛው ስታጠፋት በዘጠነኛው።

"ተያት በቃ" አለቻት የክፍሉ ኃላፊ ብሪዮኒ። "ሰኞ አርባ ተማሪ ይገባል። ከሷ የተሻለ በሽተኛ የለንም። ደግሞስ ራሷ የፈለገችው ይህንን አልነበር?"

ነበር። ሰኞ ሳይደርስ ለአጎት ሳሚዮ ደውላ ልታጠፋት ሞክራ እንዳቃታት ነገረችው፤ የዶርካስ ዋርሳ ነው፣ የባሏ ታላቅ ወንድም።

"ማን ንኪ አለሽ?" ብሎ ጮኸባት። "አንቺ የሥጋዋ ነሽ። ደሴታችን ማቡያግ ላይ የሥጋ ዘመድ መቃብር ሲቆፍር አይተሻል? እኛ አማቾቿ የት ሄደን ነው?"

"ሬሳ እኮ አይደለም፣ አጎቴ። ፋይል ነው።"

"ታዲያ ለምን አልሞት አለሽ?"

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ለቀብሩ የለበሰውን ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ኬዚያ መነጽሩን አጠለቀችለት።

"አንቺ ሴትዮ" አለ ወደ ባዶው ክፍል። "እዚህም ሥራሽ መተኛት ነው?"

"ልጄ፣ በረደኝ እኮ" አለ ማጉያው።

"ልጄ ትለኛለች! የስምንት ዓመት ታላቋን!" ሳቀ። ከዚያ እጆቹን ዘርግቶ አየሩን መዳበስ ጀመረ፤ ወደ ግርጌ፣ ወደ ራስጌ። "ብርድ ልብሱ የት ነው?"

ኬዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

"ኬዚያ። ብርድ ልብሱስ?"

"የለም። ነጥብ የሚሰጠው ለትንፋሽ ቆጠራው ስለሆነ... አልሠራሁትም።"

"ዓመቱን ሙሉ በረደኝ ስትል?"

"ሕመሙ ያስበርዳል። ተማሪው ምልክቱን እንዲያውቅ ነው ያስባልኳት።"

ሳሚዮ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ድምፁ ግን ደረቅ ነበር። "ሰኞ ማንም አያያትም። በወጋችን የመቃብር ሐውልቷ እስኪመረቅ ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ ታስተምር፣ ቃሏ ነው። ብርድ ልብስ ግን ሥሪላት። አሁን የሚጫነውን አሳዪኝና ዞር በዪ።"

ዘጠኙን መነጽሮች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፣ ቁልፉን አሳየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳሚዮ ዶርካስን በደሴታቸው ቋንቋ እያወራት አንድ በአንድ ዘጋ። ከማጉያው የሚሰማው የዶርካስ ትንፋሽ ዘጠነኛው ላይ ቆመ።

እሱ ከሄደ በኋላ ኬዚያ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ዶርካስ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምትለብሰውን ቀሚስ አስታውሳ፣ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለው ብርድ ልብስ ሠራች። እንዴት እንደሚያርፍ ለማየት ባዶው አልጋ ላይ ለቀቀችው። ጨርቁ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ተዘረጋ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ።

አንድ ደቂቃ ያህል አየችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሠላሳ አራት ላይ ስትደርስ ነው ትንፋሽ እየቆጠረች መሆኗን ያወቀችው።