ሙንታሲር ክርክሩን በምርቃት ሲዘጋ

ሙንታሲር ቡታጅራ ውስጥ ስልክ ጠጋኝ ነው። በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ በጉራጊኛ ለመጻፍ የሚያስችል የኮምፒውተር ኪቦርድ ይሠራል። በነፃ ነው ታዲያ፤ ኮዱም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል። ሥራው የሚመከርበት የኢሜይል ቡድን አለ፤ አንዱ የላከው ለሁሉም ይደርሳል። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሰዉ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ በዛ እንጂ። አንዱ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ይጀምራል፤ ሰላምታ ሳይመለስ አይታለፍምና ሁሉም ለሁሉም ይመልሳል። ሌላው ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ በርበሬው ይጠይቃል። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ይገባል። ቁም ነገሩ ምን መሰላችሁ? ስክሪን ላይ የምትታየው የኪቦርዱ ምልክት ቀለም! የወልቂጤው ጡረተኛ አቶ ሽባባው አረንጓዴ ካልሆነች ብለው ድርቅ አሉ። ኮድ የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ቀለም ግን የማያውቅ ማን አለ? ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ።

ሙንታሲር ደግሞ ይሉኝታ ይዞታል። የታላቅን ደብዳቤ ሳይመልሱ መተው ነውር ነው እያለ እያንዳንዷን ያነባል፣ እያንዳንዷን ይመልሳል። የደንበኛ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተፈታቶ ይውላል።

በዚህ መሀል መምህርት መሰለች ከእምድብር ደወሉ። በዚሁ ኪቦርድ ለተማሪዎቻቸው የጉራጊኛ ማንበቢያ አዘጋጅተዋል፤ ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። ሲታተም ግን አንዷ ፊደል ባለችበት ሁሉ ባዶ ሳጥን ይወጣል።

«ደጋግሜ ጻፍኩልህ እኮ» አሉት በትዝብት። «የአንዷ ተማሪዬ ስም እንኳ በሳጥን ነው የወጣው። ልጅቷን ሳጥን ብዬ ልጥራት?»

ሙንታሲር መሬት ብትውጠው በወደደ። ደብዳቤዎቻቸውን ሲፈልግ ከሰላምታና ከቀለም ሥር ተቀብረው አገኛቸው። ሊሠራ ቁጭ ሲል ግን ስልኩ መጮኹን አላቆመም። ቡድኑን ዝም በሉ እንዳይል፣ ሽማግሌ አለበት። ጭንቀቱን ለሚስቱ ለሰፍያ ነገራት።

«ሽማግሌ ሸንጎ የሚበትነው ተቆጥቶ ነው እንዴ?» አለችው። «መርቆ እኮ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ከተመረቀ በኋላ ማን ይናገራል? ሙንታሲርም ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃን ብሎ፣ ለአገሩ ሰላም፣ ለቤቱ ጥጋብ ተመኝቶ፣ አሳምሮ መረቀና ላከ። ተነፈሰ።

ምስኪን! ምርቃት አሜን ይፈልጋል። አሜን ከወልቂጤ መጣ፣ ከመስቃን መጣ፣ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ሁሉም ለሁሉም። ቡድኑ ውስጥ መኖራቸው የተረሳ ሰዎች ሳይቀሩ ብቅ ብለው አሜን አሉ። አቶ ሽባባው ይባስ ብለው የራሳቸውን ምርቃት ጨመሩበት፤ እሱም አሜን ተባለለት። ሰፍያ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓሮ ወጣች።

ሙንታሲር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለጌ ሆነ፤ ስልኩን አጠፋው። ስህተቷ አንዲት መስመር ነበረች። ያቺን ማስተካከል የአቶ ሽባባውን ሰላምታ ከመመለስ ያነሰ ጊዜ ፈጀ። አፈረም፣ ተናደደም። ከዚያ ስልኩን ከፍቶ ሰላምታም ሳይጨምር «ፊደሏ ተስተካክላለች፤ አዲሱ ይኸው» ብሎ ለቡድኑ ላከ።

ጭጭ። በቀለሙ ሁሉም ሊቅ ነበር፤ በዚህች ግን አስተያየት ያለው ሰው ጠፋ። ደብዳቤ በዛብኝ ሲል የከረመው ሰውዬ አሁን ደብዳቤ ናፈቀው። መስመሩ ተቋርጦ ይሆን እያለ ስልኩን ደጋግሞ ያያል።

እሑድ አመሻሹ ላይ በቡድኑ በኩል አንዲት መልእክት ደረሰች። ከመምህርት መሰለች ናት። የታተመ ገጽ ፎቶ አለባት፤ በገጹ ራስጌ የልጅቷ ስም ሰፍሯል፣ አንድም ፊደል ሳይጎድለው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አጭር ነው፦ «እጅህ ይባረክ።»

ሙንታሲር ስሙን ፊደል በፊደል አነበበው። ረጅም መልስ ጀመረና አጠፋው። በመጨረሻ አንዲት ቃል ጽፎ ላከ፤ ጣቱ እንደለመደው ለሁሉም።

«አሜን።»