የእማማ የሺእመቤት ማጥለያ

እማማ የሺእመቤት የባሌ እናት ናቸው፤ ቢቸና ውስጥ በገበያ ቀን ጠላ ሸጠው ነው የሚኖሩት። በዚያ ክረምት ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁና የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አሰረው፣ አጥንቱም ገጠመ፤ ጣቶቻቸው ግን ከዚያ ወዲህ ጥብቅ አድርገው መያዝ አቃታቸው። ጠላ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። ድፍድፉን ከጋን እየቀዱ ጨርቅ ላይ መገልበጥ አለ፣ ጨርቁን ጠምዝዞ ጠብታ እስኪጠፋ መጭመቅ አለ፣ ከዚያ እንደገና። ይህን የማደርገው እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዙኛል።

"ጠበቅ አርጊው እንጂ አገሬ! ሞጣ ያሳደጉሽ ቅቤ እየቀቡ ነው እንዴ?"

"ሞጣ ጠላ የሚጨምቀው ወንድ ነው እማማ።"

"ውሸታም!" ይሉና ይስቃሉ።

ባሌ ቢሆነኝ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ከተጋባን አምስት ወራችን ነበር። ከአስመራ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ቀበሌ ሄጄ በጠየቅሁ ቁጥር "ጓድ ቢሆነኝ ግዳጅ ላይ ነው" ይሉኛል። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው። ልጅ የለኝም፣ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነው። አባቴ ከሞጣ ሰው ላኩብኝ፤ ለኅዳር ጽዮን እመጣለሁ፣ ይዤሽ እመለሳለሁ አሉ። መልእክተኛው ይህን የተናገረው እቤታችን ምሳ እየበላ፣ እማማ እየሰሙ ነው።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። መጠበቅ ሰልችቶኛል። ቢሆነኝን እወደው ነበር፤ ግን ፊቱን ለማስታወስ መቸገር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የከበዱኝ እማማ ናቸው። እኔ ስሄድ ማን ይጨምቅላቸዋል? ያለ ጠላው በምን ይኖራሉ?

ስለዚህ ማጥለያ ልሠራ ተነሳሁ። ስፌት ከልጅነቴ እችላለሁ። ከስንደዶና ከአክርማ ጠባብና ረጅም ቅርጫት ሰፋሁ፣ ቁመቱ የጋኑን ያህል። ሐሳቤ፣ ቅርጫቱ ድፍድፉ መሃል ይቆማል፤ ጠላው በስፌቱ መሃል እየሰረገ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አተላው ውጭ ይቀራል። እማማ በግራ እጃቸው በቅል መቅዳት ብቻ ነው የሚቀራቸው።

የመጀመሪያ ቀን ቅርጫቱ ተንሳፈፈ። እማማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ድንጋይ አጥቤ ውስጡ ከተትኩ፤ አሁን ደግሞ ከሥር ዝቃጩ ገባበት። የጌሾ ግንድ አጠላልፌ ጋኑ ሥር ረበረብኩና ቅርጫቱን እዚያ ላይ አቆምኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅሎች አሁንም ድፍርስ ናቸው፤ መልሼ ድፍድፉ ላይ አፈሰስኳቸው። በሦስተኛው ላይ የቅሉ ሥር ወለል ብሎ ታየኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

እማማ ጠላውን ብዙ አዩት። ይስቃሉ ስል አልሳቁም። "ጥሩ ነው" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ከማግስቱ ጀምሮ ማጥለያው ይታመም ጀመር። ጠዋት የጠራው ማታ ይደፈርሳል። አውጥቼ ሳየው ስፌቱ አንድ ቦታ ተከፍቷል። እደፍነዋለሁ፤ በሌላ ቀን በሌላ በኩል ይከፈታል።

"አይጥ ነው" አሉ እማማ።

"ጠላ የለመደ አይጥ ነዋ!" አልኩ ተናድጄ። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ስፌቴ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይላላም።

የኅዳር ጽዮን ማኅበር ተራው የእማማ ነበር። ሦስት ቀን ሲቀረው ውሃ ልቀዳ ወጣሁና የእንስራውን ማዘያ ገመድ ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። እማማ በሩ ሥር ብርሃኑ ላይ ተቀምጠዋል። ማጥለያው ጉልበታቸው መሃል ነው፤ በዚያ በማይጨብጠው እጃቸው የኔን ወስፌ ይዘው ስፌቱን ይፈለቅቃሉ። ወስፌው ይወድቃል፣ ያነሱታል፣ መልሶ ይወድቃል። ከንፈራቸውን ነክሰዋል፤ በጣም ያማቸው ነበር።

"እማማ!"

ደንግጠው ቀና አሉ። ሊደብቁት አልሞከሩም።

"አይጧ እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ። "ይሄ ነገር ከሠራ ትሄጃለሽ። ካልሠራ... እንጃ። ካልሠራ ትቀር ይሆናል ብዬ ነው። ልጄን ወሰዱብኝ፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማኝ ድምፅ ያንቺ ብቻ ነው። ክፉ አሮጊት ሆንኩ አገሬ። ሂጂ፣ ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትዳር ይገባሻል።"

ልቆጣ ነበር፤ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያን ያበጠ አንጓቸውን አየሁና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ቅቤ አምጥቼ እጃቸውን አሸሁላቸው። ከዚያ ወስፌውን ወስጄ የተከፈተውን ደፈንኩ፤ እሳቸው በግራ እጃቸው አክርማውን ያቀብሉኛል።

በኅዳር ጽዮን ዕለት አባቴ አቧራ ለብሰው ከእህል መኪና ላይ ወረዱ። የማኅበሩ ሰዎች ጠበላቸውን ቀምሰው፣ ቄሱ ባርከው ሲበተኑ ሦስታችን ቀረን። እማማ ማንቆርቆሪያውን በግራ እጃቸው ይዘው ለአባቴ በብርጭቆ ቀዱላቸው። ጠላው ኩልል ያለ ነበር።

"ዕቃሽን ሸክፈሻል?" አሉኝ አባቴ።

ለመቅረት የቆረጥኩት ቢሆነኝን ልጠብቅ ብዬ አይደለም፤ ይህን ሰው ሁሉ ይወቅልኝ።

"አባባ፣ መሄድ አልቻልኩም" አልኩ። "እማማ እጃቸው መጭመቅ አቅቶታል። ማጥለያ ሠርቼላቸው ነበር፤ አልሆነም። ጠላው ይደፈርሳል።"

እማማ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። አባቴ እኔን አዩ፣ እሳቸውን አዩ። ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አደረጉት፤ ከበስተጀርባው የአውራ ጣታቸው ጥፍር ሳይቀር ይታያል። ቀስ ብለው ጠጡና ሪዛቸውን ጠረጉ።

"እውነትሽን ነው ልጄ" አሉ። "በጣም ደፍርሷል።"

ብርጭቆውን ወደ እማማ ዘረጉ። "እስቲ ይድገሙኝ፣ እመት የሺእመቤት።"

እማማ ቀዱላቸው፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ስለነበር ግማሹ አባቴ ጉልበት ላይ ፈሰሰ።