መገንጠያው ላይ

መንደራችን ፕለም ፎርክ ከንቲባ የለው፣ ማዘጋጃ ቤት የለው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የተዘጋ ሱቅና እዚህም እዚያም የተበተኑ ቤቶች ናቸው። ዳኛውም፣ ሸሪፉም፣ ሐኪሙም ያሉት ካውንቲ በሚባለው ወረዳችን ዋና ከተማ ነው። አምና ካውንቲው ለየቤቱ ቁጥር ሰጥቶ በየደጁ ምልክት ሲያስተክል፣ ኦርቪስ ቲግ የሚባለው ግትር ሽማግሌያችን የእሱን ነቅሎ የዶሮ ቤት በር መደገፊያ አደረገው።

"ተወልጄ ያረጀሁበትን ቤት በቁጥር ሊጠሩት! እስር ቤት ነው እንዴ?"

"ተው አንተ ሰው፣ አንድ ቀን ያስፈልገን ይሆናል" ብትለው ሚስቱ ሉዌላ፣ በጄ አላለም።

ያ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። አገሩ በሙሉ ጥጃውንና ዱባውን ጭኖ ወደ ካውንቲው ዓመታዊ የእርሻ ትርኢት ሄዷል። ሉዌላን አሟት ስለነበር ሁለቱ ቀርተዋል። ድንገት ደረቷን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ኦርቪስ ለአምቡላንስ ደወለ።

"አድራሻዎ የት ነው ጌታዬ?" አለችው ስልክ ተቀባይዋ።

"ፕለም ፎርክ! የኦርቪስ ቲግ ቤት!"

"የቤቱ ቁጥር ስንት ነው?"

"የምን ቁጥር! ከነሃስኬል ጎተራ ወደ ግራ መታጠፍ ነው።"

"ጎተራው ከመንገድ ይታያል?"

"ኧረ ተቃጥሏል! ድሮ ነው የተቃጠለው!"

"ታዲያ ሾፌሩ በምን ያውቀዋል?"

"ማንም ያውቀዋል! አንቺ ልጅ፣ ከየት ነው ያመጡሽ? ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው እኮ!"

እውነቱን ነው፤ እኛ የሌለ ጎተራ ስንጠቁም አፍረን አናውቅም። ግን ያ "ማንም" የተባለው ሁሉ ዛሬ ትርኢቱ ላይ ነው። ኦርቪስ ገባው፤ ከደጁ የነቀለውን ምልክትም ሾፌሩ አያየውም። ከዋናው መንገድ መገንጠያው ላይ ቆሞ የአምቡላንሱን ሰዎች ካልጠራቸው አያገኙትም። የመኪናውን ቁልፍ ሲያነሳ ሉዌላ እጅጌውን ያዘች።

"አትሂድ ኦርቪ።"

"መገንጠያው ድረስ ነው፣ የኔ እመቤት። አሁን መጣሁ።"

"ብቻዬን አትተወኝ።"

ጣቶቿን ከእጅጌው አላቀቀና ስልኩን ሳይዘጋ አልጋው ላይ ጥሎ ሮጠ።

መገንጠያው ላይ ማንም የለም። ልመለስ ይላል፤ ብመለስና ቢያልፉኝስ ይላል። የሚሰድበው ሰው ቢያጣ ራሱን ሰደበ። አምቡላንሱ ከወንዙ ማዶ ሲንከራተት ቆይቶ በስተመጨረሻ ብቅ ሲል፣ ባርኔጣውን እያውለበለበ መሀል መንገድ ገባ። ከዚያ እየመራ ቤቱ አደረሳቸው።

ከአምቡላንሱ የወረደው ሐኪም ሉዌላ ላይ አጎንብሶ ብዙ ደከመ። በኋላ ጓንቱን አወለቀና "አዝናለሁ አባቴ፣ አርፈዋል" አለው።

ኦርቪስ ማልቀስ አቃተው። ስልኩ ከትራሷ አጠገብ ወድቋል። ቦታው ልመልሰው ብሎ ሲያነሳው ድምፅ ሰማ።

"አሎ? አቶ ኦርቪስ?"

"እስካሁን አለሽ እንዴ?"

"አልዘጋሁትም። እርስዎ ሲሄዱ ባለቤትዎ አነሱት፤ ስናወራ ነበር።"

"ምን አለችሽ?"

ልጅቷ ታለቅሳለች። "'ኦርቪ መጣ ወይ?' ነው የሚሉት፤ ደጋግመው። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ሲደክምብኝ 'አዎ መጥተዋል፣ በሩን እየከፈቱ ነው' አልኳቸው። ዋሸኋቸው አባባ። ይቅር ይበሉኝ።"

"እሷስ ምን አለች?"

"'እሰይ' አሉ።"

ኦርቪስ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። ያን ጊዜ እንባው መጣ።

"ደግ አደረግሽ" አለ። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ "አትዝጊብኝ የኔ ልጅ" አላት።

"አለሁ አባባ" አለችው።