በላጲስ የጠፋው ጨዋታ

«እማ፣ ከመሃል ልጀምር ወይስ ከዳር?»

የቼዝ ውድድሩ ዕለት ጠዋት፣ ልጇ ጫማውን እያሰረ ነበር የጠየቃት። «እኔ ምኑን አውቄው? ይልቅ ሹራብህን ደርብ» አለችው።

አሁን፣ በሐዘኑ አራተኛ ቀን፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ያው ጥያቄ ይመላለስባታል። ዘመድ ይገባል፣ ይወጣል። ታናሽ እህቷ ሻይ ታቀብላለች።

«እትዬ፣ እህል ቅመሺ እንጂ።»

«ቆይ፣ እቀምሳለሁ።»

አልቀመሰችም። ከትራሷ ስር ደብተሯን አወጣችና በውስጡ ያለውን ወረቀት ገለጠች። ተጫዋች እያንዳንዱን እርምጃ በእርሳስ የሚጽፍበት፣ ልጇ ከውድድሩ ያመጣው ወረቀት ነው። ያን ሰሞን ፊደል መቁጠር ጀምራ ነበርና መስመሩ አማራት። የድሮ ሒሳብ መስሏት በላጲስ ሙልጭ አድርጋ አጠፋችው፤ ከሀ እስከ ፐ ሞላችበት።

ልጇ ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አራት ሰዓት ታግዬ ያሸነፍኩትን አንቺ በላጲስ ገደልሽው! ግድ የለም እማ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ እንደገና እጽፈዋለሁ።»

ያቺ ቀን ሳትመጣ የሳንባ በሽታ ቀድሞ ወሰደው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባለመነጽር ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«በዚያ የቼዝ ውድድር የልጅዎ ተጋጣሚ ነበርኩ፣ እማማ። እግዜር ያጽናዎት።»

ወረቀቱን አሳየችው። «ጨዋታውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች።

ሰውየው ወረቀቱን ትንሽ አየና የደረት ኪሱን ዳበሰ። «እኛ እኮ ሁለታችንም ነን የምንጽፈው። የሱም የኔም እርምጃ እዚህ አለ።»

የተጣጠፈ ወረቀት ዘረጋላት። የመጀመሪያውን መስመር በጣቷ ነካች።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ከግራ ሦስተኛውን ወታደር ገፋ፤ መሃሉን ትቶ ከዳር በኩል ጀመረ ማለት ነው። መሃሉን ሲለቅልኝ ፈራኝ ብዬ ኮራሁ። ለካ ጳጳስ የሚባለውን ጠጠር ጥግ አስቀምጦ ከሩቅ ያየኝ ኖሯል! መሃል ቆሜ መሄጃ አጣሁ።»

«ከዳር» አለች ቀስ ብላ። «ቤትም ሲገባ በጓሮ በር ነበር።»

እህቷ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።

እንግዳው ሲነሳ ወረቀቱን ተወላት። እሷም ከደብተሯ መሃል ላጲሷን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠች፤ ጣቶቹንም አጠፈችለት።

«ውሰድልኝ። ከዚህ ቤት ይውጣ።»

ሰውየው ላጲሱን ይዞ ሄደ። ዘመዶችም አንድ በአንድ ሄዱ። እናትና ወረቀቱ ቀሩ።