ሰባት ደቂቃ የቀደመው ሰዓት

«አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! ወንድሜ ከተቀበረ ገና ሦስት ቀን አልሞላውም፣ እናንተ ፈረስ ልንጋልብ ነው ትሉኛላችሁ!»

«የእንጨት ፈረስ ነው፣ እትዬ።»

«የእንጨትም ይሁን የወርቅ!»

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሳሎን ሰው አለ።»

«ይስማ! እኔ የማፍርበት የለኝም። የሚያፍረው ሌላ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ለሁለቱም ጀርባዋን ሰጥታ የሻይ ብርጭቆ ታጥባለች። ከሰኞ ጀምሮ ያጠበችው ብርጭቆ ቢደረደር አንድ ሰፈር ያጠጣል። አክስቷና ወንድሟ የሚጨቃጨቁት በእሷ ልጆች ጉዳይ ነው፤ እሷ ግን እስካሁን ቃል አልተነፈሰችም። ክንዷ ዝሏል። ከክንዷ ይልቅ ጆሮዋ ዝሏል።

የጠቡ መነሻ ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተይዞ ይታያል። አባቷ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በማስመሪያ አስምሮ ያዘጋጀው ወረቀት ነው። አናቱ ላይ «የቅዳሜ ስምሪት» ይላል። ከሥሩ ሰዓት፣ ቦታና ተረኛ በየዓምዳቸው ሰፍረዋል።

2:10 — ከቤት መነሻ — ሁሉም
2:55 — የመዝናኛ ፓርኩ በር — ቲኬት አያት ይይዛል
3:20 — የእንጨት ፈረሶች — ትልቋና ትንሿ
4:15 — ትልቁ መንኮራኩር — ትንሿ ከፈራች እናት ከታች አብራት ትቆያለች
5:00 — ውሃና ሽንት ቤት — ያለ ክርክር

ቲኬቶቹ በወረቀቱ ጥግ ተያይዘዋል። ቀኑ ታትሞባቸዋል፤ ለሌላ ቀን አያገለግሉም። ዛሬ ሐሙስ ነው።

«አባዬ በእጁ የጻፈው ነው» አለ ወንድሟ። የሒሳብ መምህር ነው፤ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ አይጨምርም። «እሱን ቀዶ መጣል ነው ክብር?»

«ሰው ያሰበው ሁሉ ይፈጸማል እንዴ? እሱስ ቅዳሜን አያለሁ ብሎ አልነበር!» አክስቷ ወደ ሰፊዋ ዞረች። «አንቺስ? ልጆቹ ያንቺ ናቸው። አፍሽን የት ጣልሽው?»

ሰፊዋ የመጨረሻውን ብርጭቆ ደፋች። «ደክሞኛል፣ እትዬ።»

«ድካም መልስ አይሆንም።»

«ሌላ የለኝም።»

ትሪውን ይዛ ወጣች። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተሰበሰበ ወንበር ተጨናንቋል። እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለሚገባው ሁሉ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ማን እንደገባ ማየቱን ግን ከትናንት ጀምሮ ትታዋለች። ከወንበሮቹ ግማሹን የያዙት ጡረታ የወጡ ሹፌሮች ናቸው። አባቷ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራው በከተማ አውቶቡስ ስምሪት ክፍል ነበር። የትኛው አውቶቡስ፣ በማን እጅ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚቆርጠው እሱ ነበር። ሹፌሮቹ «ጋሽ ደቂቃ» ይሉታል። ድሮ ከኋላው ነበር የሚሉት፤ አሁን የሚቆጣ ስለሌለ እንደ ልባቸው ይጠሩታል።

«ሰባት ደቂቃ!» እያለ ያንሾካሹካል አንዱ ጺማም ሹፌር፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በአገጩ እያሳየ። «በዕድሜው አንድ ቀን ዘገየ፤ እሱም በገዛ ቀብሩ!»

ዙሪያው ያሉት አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

ነገሩ እውነት ነው። ያ ሰዓት ሁልጊዜ ሰባት ደቂቃ ቀድሞ ይሄድ ነበር፤ አባቷ ሆን ብሎ ነው ያስቀደመው። ቤተሰቡም ይህን ስለሚያውቅ ሰዓቱን ባየ ቁጥር በልቡ ሰባት ይቀንሳል። የዚህ ቤት ልጅ መቀነስን የሚማረው ከመደመር በፊት ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ መምህሩ፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው እንዳይሳሳት ብሎ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ አስተካከለው። ለማንም አልተናገረም። በማግስቱ አስከሬኑ የሚወጣው በአራት ሰዓት ነበር። እናትም፣ አክስትም፣ ሰፊዋም ሰዓቱን እያዩ ሰባት ቀነሱ። ያስተካከለው መምህሩ ራሱ ከልማድ ቀነሰ። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ደጅ ሲጠብቅ ቤተሰቡ ገና ጫማ ያስር ነበር።

«ቢሰማ ኖሮ ለሁላችንም ማስጠንቀቂያ ይጽፍልን ነበር» አለች እናቷ ድንገት። ከሰኞ ወዲህ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ይህ ነው።

ሰፊዋም ፈገግ ልትል ነበር። ግን ሰኞ ትዝ ባላት ቁጥር ሆስፒታሉ ተከትሎ ይመጣል።

በዚህ ቤት መሰናበት የለም። «ስንብት ሁለት ደቂቃ ይበላል» ይል ነበር አባቷ። «አውቶቡስ ደህና ሁኑ ብሎ ሲወጣ አይታችኋል?» ስለዚህ የሚሄድ ሰው ቦርሳውን አንሥቶ ይሄዳል፤ የሚቀረውም ወሬውን አያቋርጥም። ባሏ ያገባት ሰሞን ተቀይመውኛል ብሎ አንድ ወር ተሰቃይቷል። ሰኞ ጠዋትም እንዲሁ ነበር። አባቷ ትራሱን ከፍ አድርጎ፣ ስለ ቅዳሜ እያወራ ነበር፤ ትንሿ ሹራብ እንድትይዝ፣ ነፋስ አለ። ሰፊዋ ንጹሕ ፒጃማ ልታመጣለት ተነሣች፤ ቦርሳዋን አነሣች፤ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ በዓይኗ ጥግ ሁለት ጣቱን ከአንሶላው ላይ ከፍ ሲያደርግ ያየች መሰላት፤ ድሮ ከስምሪት ክፍሉ መስኮት ሆኖ አውቶቡሶቹን «ውጣ» የሚልበት ምልክት ነው። አልዞረችም። ፒጃማውን ይዛ ስትመለስ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

ይህን ለማንም አልነገረችም። ምን ብላ ትናገራለች? አባቴን ሳልሰናበተው ሄድኩ ብትል፣ በዚህ ቤት መቼ ማን ተሰናብቶ ያውቃል ይሏታል።

ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማድቤት ተመለሰች። አክስቷና ወንድሟ ተኳርፈው ወጥተዋል። ወረቀቱ ፊት ቆመች። ቀድዳ ልትጥለው ነው የመጣችው፤ ጠቡ እንዲያልቅ። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ወረቀት ከአባቷ ሞት በፊትም ያናድዳት ነበር።

ዐሥር ዓመቷ ሳለ እዚያው ፓርክ ሊወስዳት ቃል ገብቶላት ነበር። እናቷ ቢጫ ቀሚስ ሰፋችላት። ጠዋት በማለዳ ተነሥታ ለብሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቀሚሱ እንዳይጨማደድ እጇን በአየር ላይ ይዛ ነበር። ከዚያ ስልክ ጮኸ። ሁለት ሹፌር ቀርቷል። አባቷ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ደረጃው ላይ በጎኗ አልፎ ሄደ፤ እንደ ልማዱ ያለ ስንብት። እስከ ማታ እዚያው ተቀመጠች። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሣም፤ እሷም አልጠየቀችም። አሁን፣ አርባ አንድ ዓመት ሲሞላት፣ ለልጆቿ ማስመሪያና እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ። ትልቋና ትንሿ በአንገቱ ላይ ተጠምጥመው ሲስቁ ልብስ እየዘመዘመች ትሰማ ነበር። የእሷ አውቶቡስ የዘገየ ሳይሆን ጭራሹኑ የተሰረዘ ነበር።

እጇን ወደ ማግኔቱ ሰደደች።

«ልጄ፣ ይሄ የሱ እጅ አይደል?»

ጺማሙ ሹፌር ነው፤ የጠጣበትን ብርጭቆ ሊመልስ መጥቶ። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«"ያለ ክርክር"» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ጀርባውስ ምን ይላል?»

«ጀርባ አለው እንዴ?»

«የስምሪት ወረቀት ሆኖ ጀርባ የሌለው? ፊቱ ለሹፌሩ ነው፣ ጀርባው ለጥፋቱ። የዘገየ ጉዞ ካለ ምክንያቱ እዚያ ይሞላል። እኔ ላይ ስንቴ ሞልቶብኛል መሰለሽ! አንዴማ "ምክንያት፦ ሹፌሩ ሻይ ሲጠጣ" ብሎ ጻፈ። ሻዩን እኮ አብረን ነበር የጠጣነው!»

«የራሱን ጥፋትስ?»

«እሱ? ሲያልፍም አይነካው።»

ሰፊዋ ማግኔቱን አንሥታ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው የድሮ የሥራ ቅጽ ነበር። «ተሰርዟል / ዘግይቷል» ከሚሉት ሁለት የታተሙ ቃላት የመጀመሪያው በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። ከሥሩ በዚያው ጠባብ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል።

የዘገየበት ጊዜ፦ 31 ዓመት
ምክንያት፦ የስምሪት ተረኛው ጥፋት
የተጎዳ ተሳፋሪ፦ ልጄ (ቢጫ ቀሚስ)
የተወሰደ እርምጃ፦ ከፈረሶቹ የውጨኛው ለእሷ ይሰጥ። ከዚያ ላይ ሁሉም ይታያል።

ፊርማም ቀንም ነበረው።

ሹፌሩ ከትከሻዋ በላይ አንብቦ ጨረሰ። መነጽሩን አወለቀና የሚያደርግበት ጠፍቶት መልሶ ሰካው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለ። «ሹፌር ቢሆን ኖሮ ራሱ ያባርረው ነበር።» ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መታጠቢያው ውስጥ አስቀመጠና ወጣ።

ሰፊዋ ወረቀቱን በቦታው መለሰችው፤ ፊቱን ወደ ውጭ። ከዚያ የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ዓርብ አክስቷ የልጆቹን ጫማ በሩ ጋ ተወልውሎ አየች። ጥርሷን ነክሳ አለፈች። ጥቂት ቆይታ ግን ማድቤት ገብታ፣ ማቀዝቀዣው ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆማ ተመለከተች። ወረቀቱን ትገልብጠው አትገልብጠው ያየ የለም። ከዚያ በኋላ ስለ ፈረስ አልተነሣም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሎኑ ገና ከሁለት ሰዓት በፊት ግማሽ ሞልቶ ነበር። ሰፊዋ ጥቁሯን እንደለበሰች ወንበር ስባ ግድግዳው ሥር አቆመች፤ ወጣችበት። የሰዓቱን መስታወት ከፍታ የደቂቃውን ዘንግ በጣቷ ሰባት ደቂቃ ወደ ፊት ገፋች። ሲነካ ቀዝቃዛ ነው። ወረደች፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። መምህሩ አየና የእጁን ሰዓት ተመለከተ።

ልጆቹ ሹራብ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ግድግዳው ላይ ሁለት ከአሥራ ሰባት ሲል ሰፊዋ በልቧ ሰባት ቀነሰች። ቦርሳዋን አነሣች።

እናቷ አንዷን እንግዳ እያዳመጠች አንገቷን ትነቀንቃለች። ጺማሙ ሹፌር ለጎረቤቱ ስለ አንድ የተበላሸ ፍሬን ይተርካል። አክስቷ መንገዱ ላይ ነበር የተቀመጠችው፤ «ወንድሜ እኮ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር…» የሚለውን ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ልጆቹ እንዲያልፉ ጉልበቷን ወደ ጎን አደረገችላቸው። ትንሿ «ቻው» ልትል አፏን ስትከፍት ትልቋ ቆነጠጠቻት።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሰፊዋ ልጆቹን አስቀደመች። ከዚያ ዞረች። ወደ እሷ የሚያይ አልነበረም። እጇን ከወገቧ ሳታሳልፍ ሁለት ጣቷን ብድግ አደረገች፣ ጥቂት ያዘቻቸው፣ በሩንም ቀስ ብላ ሳበችው።